ጥንት፣ ድሮ፣ ቅርስ፣ አንቲካ፦ መግለጫ ካርድ ላይ የትኛው ቃል የት ይግባ?

ሳሙና በር፦

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ውስጥ ለአንድ እንግዳ ማረፊያ የዕቃ ማሳያ ክፍል የመግለጫ ካርዶች እያስተካከልኩ ነው። ዕቃዎቹ አምስት ናቸው፦ በድጉስ (ጌጥ በታተመበት ቆዳ) የተለበጠ የብራና ዳዊት፣ የብር የእጅ መስቀል፣ ሦስት ጠገራ ብር፣ የጣሊያን ጊዜ የጽሕፈት መኪና እና ዘንድሮ የተሠራ አገልግል። አሁን ባሉት ካርዶች አምስቱም «ጥንታዊ» ተብለዋል። አገልግሉ እንኳ «ጥንታዊ አገልግል» ነው፤ ቆዳው ገና ይሸታል። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ ደግሞ «የጥንታዊቷ ጎንደር ጥንታዊ ቅርሳ ቅርሶች» ይላል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ጥንት የሚባለው ከስንት ዓመት ወዲያ ነው? «የጥንት» እና «ጥንታዊ» ይለያያሉ? ቅርስ ለመባል ዕድሜ ያስፈልጋል? ሱቆቹ የሚሉት «አንቲካ» ካርድ ላይ ይገባል? አንድ ካርድ 40 ቃል ገደማ ነው የሚይዘው፤ ሥራ የማይሠራ ቃል ቦታ እንዲይዝ አልፈልግም።

ጉባኤ ቃና፦

ልጄ፣ ከቃሉ ሥር እንነሣ። በግዕዙ «ጥንት» ማለት መነሻ፣ መጀመሪያ ነው፤ የዕድሜ ብዛት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ፍቺ ሳትለቅ ይዛዋለች። መጋቢት 27 «ጥንተ ስቅለት»፣ መጋቢት 29 «ጥንተ ትንሣኤ» ሲባል ያረጀ ስቅለት ማለት አይደለም። በዓሉ በቀመር ሳይዘዋወር በፊት ነገሩ የተፈጸመበት የመጀመሪያው ቀን ማለት ነው። «ጥንተ አብሶ» የመጀመሪያው በደል ነው። ዲያብሎስም «ጥንተ ጠላት» የተባለው ስላረጀ ሳይሆን ከመነሻው ጠላት ስለሆነ ነው። ባሕረ ሐሳብ (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ስሌት) የሚቆጥር ሰው ጥንተ ዕለት እሑድ፣ ጥንተ ቀመር ማክሰኞ፣ ጥንተ ዮን ረቡዕ ይላል፤ ሦስቱም የቆጠራ መነሻዎች ናቸው።

አማርኛውም አልረሳውም። «ጥንቱንም ባልመጣሁ» የሚል ሰው ስለ አክሱም ዘመን አያወራም፤ ከመጀመሪያው ባልመጣሁ ማለቱ ነው። «ከጥንት ከጠዋቱ»ም እንዲሁ። ስለዚህ ከስንት ዓመት ወዲያ ብለሽ ለጠየቅሽው ቃሉ ራሱ ቁጥር የለውም። ቁጥር የሚሰጡት የታሪክ ጸሐፊዎችና ሕግ ናቸው፤ እሱን ሌሎች ይነግሩሻል።

«ድሮ» ግን ሌላ ነው፤ ከተናጋሪው ጋር የተያያዘ ነው። የተናጋሪው ወይም የአያቱ ትዝታ የሚደርስበት ጊዜ ድሮ ነው። «በድሮ በሬ ያረሰ የለም» ሲባል በሬው የራሱ የገበሬው ስለነበረ ነው፤ በጥንት በሬ የሚል የለም። «የቀድሞ» ደግሞ ተተኪ መኖሩን ይናገራል፦ የቀድሞው ገዥ፣ የቀድሞው ስም። ተተኪ ከሌለው አይባልም። «አሮጌ» የዕቃውን መጎሳቆል እንጂ ዘመኑን አይናገርም፤ ብራናን አሮጌ ማለት ባለቤቱን ማስቀየም ነው።

«የጥንት» እና «ጥንታዊ» ይለያያሉ። «የጥንት» መቼ ለሚለው ይመልሳል፤ ነገሩም አብዛኛውን ጊዜ አልፏል። «ጥንታዊ» ምን ዓይነት ለሚለው ይመልሳል፤ ነገሩ ዛሬም ሊኖር ይችላል። «የጥንት ዜማ» ስትዪ ሰሚው አሁን የማይዜም ይመስለዋል። «ጥንታዊ ዜማ» ግን ዛሬ ማታ ማኅሌት ላይ ሊቆምለት ይችላል። አገልግሉ የዘንድሮ ቢሆንም አሠራሩ ጥንታዊ ሊባል ይችላል፤ ዕቃው ግን አይባልም። ካርዱ ላይ «በጥንታዊ አሠራር የተሠራ» ብትዪ ሐሰት የለበትም።

«ቅርሳ ቅርሶች» ደግሞ ብዙን እንደገና ማብዛት ነው። እንደ ብረታ ብረት፣ እንደ ቅጠላ ቅጠል ነው፤ «ቅርሳ ቅርስ» ብቻውን ይበቃል።

ጃንተከል ጥላ፦

ጉባኤ ቃና ያለፉትን የቁጥር ጉዳይ ልያዘው። በኢትዮጵያ ታሪክ አጻጻፍ «ጥንታዊ ዘመን» ሲባል ብዙውን ጊዜ የአክሱም መንግሥት እስኪዳከም ያለው ነው። ዛግዌና ከዚያ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1270 በይኩኖ አምላክ የጀመረው ዘመን «መካከለኛው ዘመን» ይባላል። «ዘመናዊ» የሚባለው ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ መጫን፣ ከ1847 ዓ.ም. ይነሣል። ጎንደር መሐል ላይ ናት፤ «የጎንደር ዘመን» የሚል የራሷ ስም አላት፤ ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ያለው ደግሞ ዘመነ መሳፍንት ነው። የፋሲል ግንብን «የጥንታዊ ዘመን ሕንፃ» ብሎ መጻፍ ከአክሱም ሐውልት ጎን ማቆም ነው፤ በመካከላቸው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አለ። አክሱምን አይቶ የመጣ እንግዳ ይህን ወዲያው ይይዘዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቅጽሉን ትቶ ዘመኑን መጻፍ። «ጥንታዊ ግንብ» ከማለት «ዐፄ ፋሲል (1624–1660 ዓ.ም.) ያሠራው» ማለት ስፍራ አይፈጅም፤ የሚናገረው ግን ይበልጣል።

እዚህ ላይ ግን አብዛኛው ካርድ የሚበላሸው በቀን አቆጣጠር ነው። ሕጉ ይህ ነው፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በእኛ ዓመት ላይ 7 ሲደመር፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ሲደመር የኤሮጳውያኑ ይመጣል። ፋሲል የነገሠው በሰኔ 1624 ዓ.ም. ነው፤ 8 ተደምሮ እ.ኤ.አ. 1632 ይሆናል። ያረፈው በጥቅምት 1660 ነው፤ እዚህ ላይ የሚደመረው 7 ስለሆነ 1667 ይሆናል። ወሩን ሳያዩ ሁለቱንም በ8 የሚያዛውሩ ሰዎች 1668 ብለው ይጽፋሉ። «ዓ.ም.» የሚለውን ረስቶ 1624 ብቻ መጻፍ ከዚህ ይብሳል። የውጭው እንግዳ እንደ ራሱ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ያ ዓመት ደግሞ የአባቱ የሱስንዮስ ዘመን ነው።

መቶ ክፍለ ዘመን ስትጽፉም ተጠንቀቁ። ታላቁ ኢያሱ የተገደለው በጥቅምት 1699 ዓ.ም. ነው፤ እ.ኤ.አ. ግን 1706 ነው። በእኛ 17ኛው፣ በእነሱ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማለት ነው። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ካርዱን ሁሉ በእሱ ጻፉ፤ ሌላውን በሁለተኛው ቋንቋ ጽሑፍ ላይ ብቻ አድርጉት።

አራዳ፦

ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ሰዉ ፋሲልን ጥንታዊ ይላል፣ ይልም ነበር፣ ወደፊትም ይላል። ካርዱ የተጻፈው ለታሪክ ፈታኝ ነው እንዴ? ከ380 ዓመት በላይ የቆመ ግንብ ጥንታዊ ካልተባለ ምን ይባላል? «ጥንታዊት ከተማ» ማለትም ክብር ነው እንጂ የዘመን አከፋፈል አይደለም።

ጉባኤ ቃና፦

አራዳ ልክ ነው፤ በንግግርና በሰሌዳ ላይ «ጥንታዊት ጎንደር» ቢባል እኔም አልቃወምም። ክርክሩ ካርዱ ላይ ነው። በአንድ ክፍል አምስት ጊዜ የተደጋገመ ቅጽል ምንም አይለይም።

ሳሙና በር፦

አመሰግናለሁ፤ በጣም ጠቅሞኛል። አንድ የረሳሁት አለ። የብር መስቀሉ ካርድ ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ ይመስላል፤ «ቅዱስ ቅሪት» ይላል። ትክክል ነው?

ጃንተከል ጥላ፦

አይደለም። ተርጓሚው አራት ነገር በአንድ ቃል አምታትቷል። የቅዱሳን አካል ሲሆን «ዐፅም» ነው፤ «ቅዱሳት ዐፅሞች» ይባላል። ለቅዳሴና ለአገልግሎት የሚውለው መስቀል፣ ጽዋ፣ ጽና «ንዋየ ቅድሳት» ነው። «ቅሪት» ከአንድ ነገር የተረፈ ነው፤ የግንብ ቅሪት፣ የከሰል ቅሪት ይባላል፤ ቅድስና የለበትም። «ቅሪተ አካል» ደግሞ እንደ ድንቅነሽ፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት የድንጋይነት ባሕርይ የያዘ አካል ነው። መስቀሉ ከአገልግሎት የወጣ ከሆነ «የብር የእጅ መስቀል» ብቻ በቂ ነው። የማን ደብር እንደነበረ በጽሑፍ ማስረጃ ካልታወቀ ደብር አትጥቀሱ። ደግሞ በሎሚና በአመድ አታሹት፤ ቅርጹ ላይ ያለው ጥቁረት ከሄደ ከአዲስ የሱቅ መስቀል የሚለየው ምልክት ይቀንሳል፤ ቀጫጭኑ የቅርጽ መስመርም ይላጫል።

አዘዞ መንገድ፦

ወደ «ቅርስ» ልመለስ፤ እዚህ ላይ ሕጉ ከቃሉ ጋር አብሮ ተለውጧል።

በአሮጌው አነጋገር ቅርስ ማለት ሰው ያጠራቀመው ሀብት ነው፤ «ጥሪትና ቅርስ የሌለው» ይባል የለ። ስለዚህ በሥሩ ያለው ሐሳብ ተጠብቆ የተቀመጠ ሀብት ነው፤ ዕድሜ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። «ውርስ» ከወረሰ የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ ቤት ስለሚመታ ብቻ አንድ የሚያደርጓቸው ብዙ ናቸው።

በሕግ በኩል እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 ለጥንታዊ ነገር የዕድሜ ወሰን አስቀምጦ ነበር፦ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ። ይህ መስመር ቴዎድሮስ ከነገሠ 3 ዓመት በኋላ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ በጋፋት የተቀለጠው የቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በዚህ መስፈርት ከመስመሩ ውጭ ይቀር ነበር ማለት ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግን ዓመት አይቆርጥም። መለኪያው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ይዘቱ ከፍተኛ ዋጋ ያለው መሆኑ ነው። ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ ሳይቀሩ በተንቀሳቃሽ ቅርስ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የጽሕፈት መኪናው ጥንታዊ ሳይሆን ቅርስ ሊሆን ይችላል። ጥምቀትም እንዲሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የተመዘገበው ግዙፍነት የሌለው ቅርስ ሆኖ ነው። የፋሲል መዋኛ ግን ድንጋይና ኖራ ስለሆነ በሌላው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በተመዘገበው የፋሲል ግቢ መዝገብ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ጥር 11 ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ ካርድ ላይ ግን መቀላቀል የለባቸውም።

«አንቲካ» ከጣሊያንኛ የመጣ የገበያ ቃል ነው። ሱቅ ውስጥ ትርጉሙ የሚሸጥ አሮጌ ወይም አሮጌ የሚመስል ዕቃ ነው፤ ቃሉ ራሱ ዋጋ ዋጋ ይሸታል። ማሳያ ክፍል ውስጥ «አንቲካ» የሚል ካርድ ካለ እንግዳው «ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። አንቲካ ብሎ የገዛውም ሰው ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከቅርስ ባለሥልጣን ካልያዘ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይያዝበታል። አገልግሉን የሚሸጡ ከሆነ «አዲስ የእጅ ሥራ» ብለው መጻፍ ለገዢውም ይጠቅማል።

ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ብዬ፦ ጎንደር ውስጥ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የግንብ እግር ወይም ሸክላ ቢወጣ፣ አዋጁ ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅንና እስኪረከብ ድረስ እንዳለ መጠበቅን ያዛል። ብዙ ሰው «ጥንታዊ ስለማይመስል» ብሎ ይጥለዋል። መመልከት ያለበት አመጣጡን ነው፤ ከየትኛው ጥልቀት፣ ከምን ጋር አብሮ እንደወጣ። ተነሥቶ የታጠበ ሸክላ ግማሽ ወሬውን አጥቷል።

ቀሃ ማዶ፦

ስለ ጠገራ ብሩ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። ሦስቱም ላይ 1780 የሚል ይገኛል። ካርዱ ላይ «በ1780 የተሠራ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ብር ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ቀጥሏል። ቪየና ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሮምና ለንደንም መትተውታል። አንዱ ብርሽ የዳግማዊ ቴዎድሮስን፣ ሌላው የጣሊያንን ጊዜ የሚቀድም ወይም የሚከተል ሊሆን ይችላል፤ ዓመቱ ብቻውን አይነግርሽም። ትክክለኛው አጻጻፍ «ጠገራ ብር፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበት» ነው።

እውነተኛ መሆኑን ለማየት በትንሽ ሚዛን መዝኚው። 28 ግራም ገደማ፣ አግድሙ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ብሩ ከ1000 እጅ 833 ነው። ከዚያ ጠርዙን አዙሪው። ዙሪያውን በላቲን ፊደል «ዩስቲሲያ ኤት ክሌሜንሲያ» (ፍትሕና ምሕረት) የሚል ጽሑፍ አለ። በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ሐሰተኛ ብር ፊቱ ደህና መስሎ ጠርዙ ላይ ይጋለጣል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም የመጋጠሚያ መስመር ያልፍበታል። ማንጠልጠያ ቀለበት ተበይዶበት ማርዳ (የአንገት ጌጥ) ከነበረም ያንን አትደብቂው፤ «ለጌጥ የዋለ» ብለሽ ጻፊ። እሱ ራሱ ታሪክ ነው።

ዳዊቱን በተመለከተ የሚለካው መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ ወርድ ነው። የሚቆጠረው ቅጠል እንጂ ገጽ አይደለም፤ 112 ቅጠል 224 ገጽ ስለሆነ ሁለቱን ያቀላቀለ ካርድ መጽሐፉን እጥፍ ያደርገዋል። ዘመኑን የሚናገሩት ሦስት ናቸው፦ በጸሎቱ ውስጥ የተጠራ የንጉሥ ወይም የጳጳስ ስም፣ መጨረሻ ላይ ያለ የጸሐፊው ማስታወሻ፣ እና ጽሕፈቱ። ሰፋ ብሎ የቆመው ጉልሕ ጽሕፈት የጎንደር ዘመን ምልክት ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በኋላም የጻፉበት አሉ።

ማስታወሻው ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠር ዓመት) ከሰጠ 5500 ይቀነሳል። 7142 ቢል 1642 ዓ.ም. ነው። ማረጋገጫው ወንጌላዊው ነው፤ 7142 ለ4 ተካፍሎ 2 ይተርፋል፣ 2 ደግሞ ማርቆስ ነው (1 ማቴዎስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ)። ማስታወሻው «ዘመነ ሉቃስ» ካለ ቁጥሩን እንደገና አንብቢ፤ ፊደላዊው ቁጥር ሲደበዝዝ ፪ እና ፫ን ማሳሳት ቀላል ነው። «ዓመተ ምሕረት» እያለ ከ532 ያነሰ ቁጥር ከሰጠ ግን በዛሬው ዓ.ም. አትተርጉሚው፤ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከ1 በሚጀምረው በዐቢይ ቀመር የተቆጠረ ሊሆን ስለሚችል ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው አሳዪ።

ሥዕል ካለበት ደግሞ ወደ ብርሃን ያዥው። ከሥዕሉ ሥር ፊደል ከታየ የድሮ ቅጠል ላይ ለገበያ የተሣለ አዲስ ሥዕል ነው። ብራናው ጥንታዊ፣ ሥዕሉ የትናንት። ድጉሱም ከብራናው ወዲህ ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፍ ልብሱን ይለውጣል። ሁለት ዘመን ካለው ሁለቱንም ጻፊ።

ሳሙና በር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰሌዳውን «የጎንደር ቅርሳ ቅርስ» አድርጌዋለሁ። ካርዶቹ እንዲህ ሆነዋል፦

ጠገራ ብር፣ ሦስት። 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚል ዓመት ያለበት፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ተመትቷል። አንዱ ለጌጥ የዋለ።

አገልግል። አዲስ የእጅ ሥራ፣ በጥንታዊ አሠራር።

የጽሕፈት መኪና። የጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.።

የእጅ መስቀል፣ ብር።

ዳዊቱን የንጉሥ ስም ከተገኘበት በኋላ እጽፈዋለሁ።

ጃንተከል ጥላ፦

የጽሕፈት መኪናው ላይ ሁለት ነገር። አዲስ አበባ ነፃ የወጣችው በ1933 ነው፤ ጎንደር ግን የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ ሆና እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ቆይታለች። ካርዱ እዚሁ ስለሚሰቀል 1934 በዪው። ሁለተኛው፣ ማሽኑ በእርግጥ የዚያ ጊዜ መሆኑን አረጋግጪ። የላይኛው የፊደል ረድፍ ኪው፣ ዜድ፣ ኢ ብሎ ከጀመረ የጣሊያን ገበታ ነው፤ ኪው፣ ደብልዩ፣ ኢ ከሆነ ግን የእንግሊዝኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ገበታ ስለሆነ ከሌላ መንገድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ኦሊቬቲ ኤም 40 ከሆነ ሞዴሉ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ የወጣ ነው። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላም ሲሸጥ ስለነበረ መለያ ቁጥሩ እስኪነበብ «የጣሊያን ሥሪት» ብለሽ ተዪው።